ጎተራ ሳይሞላ የሚመጣ በዓል

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አውዳመት ነው። አውዳመት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በዓሉ መቼ እንደሚውልና ምን ለማሰብ እንደሚከበር ነው። እሱን ሊቃውንቱ አሳምረው ያስተምሩታልና እኔ ነካ ነካ አድርጌው አልፋለሁ። እኔ የማነሳው የገበሬውን ጥያቄ ነው፤ በዓሉ ሲደርስ ጎተራው ውስጥ ምን አለ? ሊበንን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና በጠቅላላው የምዕራብ ጎጃምን ገጠር የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ጥያቄ የበዓሉን መልክ ምን ያህል እንደሚለውጠው አይጠፋውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አገር ገበሬ ጤፉን በክረምቱ ዘርቶ የሚያጭደው ከኅዳር ወዲህ ነው። ዳጉሳውም በቆሎውም የሚሰበሰበው ያኔው ነው። ቡሬና ወምበርማ የሚታወቁበት በርበሬ እንኳ ቀልቶ የሚለቀመው ከጥቅምት በኋላ ነው። እንግዲህ ነሐሴና መስከረም ማለት የአምናው እህል የተሟጠጠበት፣ የዘንድሮው ደግሞ ገና ማሳ ላይ ያለበት ወቅት ነው። አሁን ቁጠሩልኝ፦ ቡሄ ነሐሴ 13፣ ቅዱስ ዮሐንስ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17። ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሚናፍቃቸው ሦስቱ በዓላት የሚመጡት ጎተራው ሲጎድል ነው። ገናና ጥምቀት ደግሞ እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ይደርሳሉ።

ሁለቱም ወገን ያስደስታል፤ ደስታው ግን ለየቅል ነው። ጎተራ ሲሞላ የሚመጣው በዓል የሚያስደስተው በሚበላው፣ በሚለበሰውና በሚሄዱበት ነው። ጎተራ ሳይሞላ የሚመጣው ግን ሰው በእጁ ሠርቶ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ ካልሆነ ደስታ የሚባል ነገር አያገኝበትም። እኔ እስከ ዛሬ ከልቤ የማይጠፉት ይበልጡን እነዚህኞቹ ናቸው።

ከቡሄ ልጀምር። ቡሄ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ታቦር፣ ጌታ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን ለደቀ መዛሙርቱ የገለጠበት በዓል ነው። በዋዜማው ማታ የምናበራው ችቦ የዚያ ብርሃን፣ የምናጮኸው ጅራፍ ደግሞ ከደመናው ውስጥ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፤ በዓሉ የሚከበረው በዳቦ ነው። ሙልሙል ዳቦ የደረሰው ልጅ ከዚያ ወዲያ የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

ጅራፉ ግን በአንድ ቀን አይሠራም። እኛ እረኞቹ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምረን ከከብቱ ኋላ እየሄድን ልጥ እንልጣለን፣ ጭረት እንፈትላለን፣ በጭናችን ላይ እያሸን እንገምዳለን። የጅራፉ ብልሃት ያለው አወፋፈሩ ላይ ነው። በእጀታው በኩል ወፍራም ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ጫፉ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና መጨረሻው ላይ እንደ ክር የሳሳች ጭረት ትታሰርበታለች። ወፍራም ጫፍ ያለው ጅራፍ ጀርባ ላይ ያርፋል እንጂ አይጮህም። ከመወንጨፉ በፊት ውኃ ነከር የሚያደርጉም ነበሩ፤ እርጥቡ ክብደት ስለሚያገኝ።

እዚህ ላይ ለተማሪ አድማጮቻችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጅራፍ ጩኸት ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ጅራፉ ከራሱ ጋር ወይም ከመሬት ጋር ሲጋጭ ይመስለዋል። አይደለም። እጅ የሰጠው ጉልበት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲተላለፍ፣ የሚንቀሳቀሰው ክፍል እየቀለለ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ የድምፅን ፍጥነት ይበልጣል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ከድምፅ የፈጠነ ነገር አየሩን ሲሰነጥቅ ያ የምናውቀው ጩኸት ይወጣል። ተዋጊ አውሮፕላን ሰማይ ላይ የሚያሰማው ፍንዳታም በዚሁ መንገድ የሚመጣ ነው። እናም የሊበን እረኛ ፊዚክስ የሚባል ትምህርት መኖሩን ሳይሰማ፣ ጫፏን ማሳሳት እንዳለበት ከታላቅ ወንድሙ ተምሮ፣ ከድምፅ የሚፈጥን ነገር በእጁ ሠርቶ ያጮህ ነበር።

ከቡሄ በኋላ ዝናቡ እየሳሳ ጳጉሜ ትገባለች። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ደመናው ሲጠቁር የሰፈር ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ደጅ ይወጣል። በሌላ ቀን ዝናብ መታህ ብላ የምትቆጣ እናት ያን ቀን ራሷ ገፍታ ታስወጣናለች። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ከጸበሉ ይልቅ ፈቃዱ ነበር የሚበልጥብን።

ከእኛ በስተምሥራቅ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው አገር፣ የዘመን መለወጫው ድምቀት እንግጫ ነቀላ ነው። ልጃገረዶች ተሰባስበው ሜዳ ይወርዳሉ፤ እየዘፈኑ እንግጫ የሚባለውን ሣር ከነሥሩ ይነቅላሉ፣ ይጎነጉናሉ፣ በራሳቸው ላይ ያስሩታል፤ በቤቱ ምሰሶም ላይ ይታሰራል። ገንዘብ የሚባል ነገር የማይገባበት በዓል ነው። ሣሩን ምድር አብቅላዋለች፣ ዘፈኑን ከእናታቸው ሰምተውታል፣ ጉንጉኑን ጣታቸው ያውቀዋል። እህል ባለቀበት ወር የሚመጣ በዓል እንዲህ መሆኑ፣ ለእኔ፣ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም።

በእኛ በኩል ደግሞ በቅዱስ ዮሐንስ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ የሚታሰበው እሸት ነው። በጓሮ የተዘራው በቆሎ ቀድሞ ይደርሳል። የዘንድሮ እህል ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ ውስጥ የሚገባው በዚያ ሰሞን ነው፤ ፍም ላይ የተጠበሰ፣ ግማሹ ያረረ፣ ግማሹ ወተቱ ገና ያልጠነከረ በቆሎ። ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ሲዞሩ፣ ዳቦ ያጣች እናት እሸት ሰጥታ ትሸኛቸው ነበር፤ ማንም በዚያ አይቀየምም።

አሁን ወደ መስቀል እንምጣ። የመስቀል በዓል መነሻ ንግሥት እሌኒ ናት። የተቀበረውን የጌታ መስቀል ፍለጋ ኢየሩሳሌም ሄዳ፣ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ፣ ጢሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ያረፈበትን ቦታ አስቆፈረች ይላል ትውፊቱ። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አዲስ አበባ የምትኖሩ የመስቀል አደባባዩን ደመራ መስከረም 16 አመሻሹ ላይ ሲለኮስ ታያላችሁ። በእኛ በኩል ግን ደመራው በዋዜማው ይተከልና የሚለኮሰው በማግስቱ ንጋት ላይ ነው። ልጅ ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። በጨለማ ችቦውን እያበራ ከየጎጡ የሚወርደው ሰው፣ ጤዛው፣ የአደዩ ሽታ፣ ከዚያ እሳቱ። መሀለኛው ግንድ ወዴት ወደቀ ብለው ሽማግሌዎች ዓመቱን ይተረጉማሉ፤ እናቶች አመዱን በልጆቻቸው ግንባር ላይ ያሰምራሉ።

ደመራው ካለቀ በኋላ ያለው ደግሞ ቅርጫ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር በሬ ከየት ይመጣል? አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ክፍያው በዱቤ ነበር፤ የበሬው ባለቤት እህል ሲደርስ፣ ጤፍ ወይም በርበሬ ሲሸጥ ትከፍሉኛላችሁ ብሎ ይሰጣል። ውሉ በቃል ነው፤ ምስክሩ ራሱ ሥጋውን የተካፈለው ሰው ነው። ቆዳው ተሸጦ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ ጾም ነውና ሥጋው ተሰቅሎ ያድራል፤ ልጅ እያየ ምራቁን ይውጣል።

በሬው ታርዶ ከተገፈፈ በኋላ ቅጠል ይነጠፋል። ሥጋው በቅጠሉ ላይ በየመደቡ ይከመራል። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው የአመዳደቡ ጥንቃቄ ነው። አንዱ መደብ ጎድኑን፣ ሌላው ሻኛውን ብቻ አያገኝም፤ ከእያንዳንዱ ብልት ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ጉበቱ ሳይቀር እንደ ጣት እየተቆረሰ፣ ጨጓራው እየተቀደደ፣ ፍሪምባው እየተቆራረጠ በየክምሩ ላይ ይጨመራል። ሽማግሌው ራቅ ብሎ ቆሞ በዓይኑ ይመዝናል። «ከዚያኛው ላይ ቆርሰህ እዚህ ጨምር፣ ይህ ሳሳ» ይላል። ሚዛን የሚባል ዕቃ በቦታው የለም።

ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ተካፋዩ ሁሉ አንድ አንድ ምልክት ያዋጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የዋንዛ ቅጠል፣ አንዱ ከጋቢው ጫፍ የመዘዛት ክር። ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ይፈለጋል፤ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። እኔንም ለዚህ ጉዳይ ከዛፉ ኋላ ይልኩኝ ነበር። «ና፣ አሁን ጣል» ስባል እመጣና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ። ጎልማሶቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ውጠው እጄን ነው የሚያዩት። በሌላ ቀን «ዞር በል ከዚህ» የሚሉኝ ሰዎች ያን ጊዜ ፍርዴን ይጠባበቃሉ። ከዚያ ሳቅና ጭብጨባ፤ «ይቺ የኔ ናት!» እያለ ሁሉም ወደ ክርና ጠጠሩ። በመደቡ የሚያጉረመርም ሰው ቢኖር እንኳ የሚወቅሰው የለውም፤ የከፈለው ሽማግሌ ለራሱ የቱ እንደሚደርሰው አያውቅም፣ የጣለው ልጅ የማን እንደሆነ አያውቅም። ስለ ፍትሕ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ትምህርት የወሰድሁት እዚያ ቅጠል ላይ ነው ብል አላጋነንሁም።

ገና ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ታኅሣሥ መጨረሻ እህሉ ታጭዷል፣ የነቢያት ጾም ተፈትቷል፣ ሜዳውም ማሳውም ክፍት ነው። የገና ጨዋታ የሚቻለውም ለዚህ ነው፤ ሰብል በቆመበት ማሳ ላይ ጎረምሳ ቢሮጥበት ባለቤቱ በዱላ ነበር የሚቀበለው። ጫፉ ቆልመም ያለ በትር ከጫካ ይቆረጣል፤ በትሩ የሚመታት ሩር ከእንጨት ትጠረባለች ወይም ከጠፍር ትሠራለች። ላይ ቤትና ታች ቤት ተከፍሎ ይጋጠማል። የሜዳው ወሰን እስከ ሮጡበት፣ የተጫዋቹ ቁጥር የመጣው ሁሉ፣ ሰዓቱ እስኪመሽ ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ እውነትም የታች ቤቱ ድኃ ልጅ የላይ ቤቱን ባለጸጋ በግጥም ሲዘልፈው ውሎ ማታ አብሮት ጠላ ይጠጣል። ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ሰው ግን እስከ ጥምቀት ማነከሱ አይቀርም።

ጥምቀት የሙሉ ጎተራ በዓል ነው። በ2012 ዓ.ም. እሱም እንደ መስቀል በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እኛ ልጆች ከገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም ዘመድ ጋ የምንሄደው ለዚህ በዓል ነበር። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በካህናትና በምእመናን ታጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ጥር 11 ውኃው ተባርኮ ይረጫል። የሚካኤል ታቦት ግን በማግስቱ በቃና ዘገሊላ ነው የሚመለሰው፤ እናም በዓሉ አንድ ቀን ይጨምርልናል። በእኔ ግምት በልጅነቴ ሚካኤልን ከሌሎቹ አብልጬ የወደድሁት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውን ያልሰማ የለም። ያኔ በርበሬው ተሽጧል፣ ሸማኔው ጋ የቆየው ጥበብ ተከፍሎበት ወጥቷል። ኮረዶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ እንሶስላ ሞቀው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ይወጣሉ። ወንዱ ያችኑ የጎጃም ቁምጣ ከነኮቷ ለብሶ፣ ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ በእስክስታው ክብ ውስጥ ይገባል። ሎሚ ይወረወራል። የተወረወረባት ልጅ ዞር ብላ ማን እንደወረወረው ታያለች፣ ያላየች ትመስላለች። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ አጭር ነውና ሽማግሌ የሚላከውም ድንኳን የሚተከለውም በጥድፊያ ነው። ገበሬ ልጁን የሚድረው እህል ሲኖረው ነው። ሎሚዋም ጎተራውን ጠብቃ ነው የምትወረወረው ማለት ነው።

ጥር በዚህ አያበቃም። ጥር 13 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ፣ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ይከበራል። ዓባይ ከምንጩ የሚነሳበት ቦታ ነው። ጻድቁ፣ ሊያስሯቸው የሚሹ ሰዎች በመጡ ጊዜ፣ የጸሎት መጻሕፍቶቻቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከእስር ሲመለሱ ውኃው ሳያርሳቸው እንደተቀበሏቸው ገድላቸው ይተርካል። ግብፅ ደርሶ ያን ያህል አገር የሚመግበው ወንዝ እዚያ ሲታይ በጣሳ የሚቀዳ ምንጭ ነው፤ ሰው ጸበሉን ለመጠጣት ሌሊት በእግሩ ይጓዛል።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ጥር 23፣ ከቡሬ ወደ ሰሜን ባለችው እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓላማው በዓድዋና በኋላም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ትግል ፈረስ የዋለውን ውለታ ማስታወስ ነው። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑ የዓድዋ ድልም በየካቲት የጊዮርጊስ ዕለት መገኘቱን ያስታውሳል። የፈረሱ ግንባር በጌጥ ተሞልቶ፣ ፈረሰኛው ጋሻና ጦር ይዞ በሜዳው ላይ ሲያስጋልብ አቧራው የሰማዩን መልክ ይለውጠዋል። ይህን በዓል ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል፤ አንድ በዓል ከፈረስ ውለታ ተነስቶ ይህን ያህል ዘመን መዝለቁ በሌላ አገር ቢሆን ስንት ፊልም በተሠራበት ነበር።

ዛሬስ? አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቅርጫ ሲከፋፈል አይቻለሁ፤ ሚዛን ገብቷል፣ ስም በወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ ኮፍያ ውስጥ ይጨመራል፣ ዕጣው ግን አልቀረም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ተሰባስበው ከገበሬ በሬ ይገዙና ይካፈላሉ። አገር ቤት ደግሞ አንዳንድ በዓል ወደ መድረክ ወጥቷል፤ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ የክብር እንግዳ፣ ረጅም ንግግር። ቱሪስት ያመጣል፣ ገቢ ያስገኛል፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን መድረክ ሲተከል ሕዝቡ ተመልካች ይሆናል። ጅራፍ የገመደው ልጅ፣ እንግጫ የነቀለችው ልጅ፣ ዕጣ የጣለው ልጅ ሥራ ነበራቸው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን ማጨብጨብ ብቻ ነው የሚደርሰው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ሰላም ጠፍቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ገጠሩ ወደ ከተማው ወርዶ እንደልቡ ያላከበረባቸው በዓላት አሉ። በዚያን ጊዜ በየጎጡ ያለችው ትንሽ ደመራ ናት የበዓሉን ወግ ይዛ የቆየችው፤ እሷ መድረክም መንገድም አትፈልግም።

በሉ እንግዲህ፣ ለተማሪ አድማጮቻችን የቤት ሥራ አለኝ። በሰፈራችሁ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡትን እናት ወይም አባት ጠይቁ፤ ቅርጫ ሲከፈል ዕጣው በምን ይጣል ነበር? በጠጠር? በቅጠል? በክር? ማንስ ይጥለው ነበር? የበሬው ዋጋስ የሚከፈለው መቼና በምን ነበር፣ በጥሬ ገንዘብ ወይስ በእህል? የነገሯችሁን በራሳቸው አነጋገር፣ ሳታሳምሩ፣ በደብተራችሁ ጻፉት። አንድ ሰፈር ከሌላው ሰፈር እንደሚለይ ታያላችሁ። ጽሑፋችሁን ለመምህራችሁ አሳዩ፤ ክፍል ውስጥም አንብቡት፤ የጠየቃችኋቸውን ሰው ስም ከመጥራታችሁ በፊት ግን አስፈቅዷቸው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የምንመለከተው የጥርን ሠርግ ነው፤ ሽማግሌ እንዴት ይላካል፣ ጥሎሽስ በምን ይቆጠራል የሚለውን እናነሳለን።